ወፍራም እጀታ ያለው ብሩሽ

ወንድሜ ጫላ ባኮ ከተማ የከፈተው የእንጨት ሥራ ቤት ስደርስ ከእሱ ቀድሞ የተቀበለኝ የኮላው ሽታ ነው፤ ያ የኮመጠጠ ወተት የሚመስል ሽታ ከቆላው ሙቀት ጋር ተደባልቆ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ደጃፉ ላይ ቀረሁ። ከበሩ ጀርባ፣ ከሰጋቱራው አጠገብ፣ ከሱቅ የተገዙ ብሩሾች ኮላ ደርቆባቸው ተከምረዋል። ጫላ አንዱን ይገዛል፣ ይሠራበታል፣ ይጥለዋል፤ እሱ ቤት ብሩሽ ማጠብ የሚባል ነገር የለም። እኛ ቤት ግን ለአንድ ብሩሽ ሲባል ሰው ተጥሏል።

ልጅ ሳለሁ አባታችን አምቦ ውስጥ፣ ከግቢያችን በር ጎን በቆርቆሮ በከለላት ጠባብ ክፍል፣ አልጋና ቁም ሳጥን ይሠራ ነበር። ሰፈሩ ኦቦ ለሚ ይለዋል፣ እኔና ጫላ አባዬ። አባዬ ከሱቅ ብሩሽ ጋር የቆየ ጠብ ነበረው፤ ጠጉሩ ኮላው ውስጥ እየረገፈ ስለሚያበሳጨው “ይሄማ የታመመ ድመት ነው” እያለ ወዲያ ይወረውረውና የራሱን ይሠራል። ቃጫውን የሚያመጣለት ጎረቤታችን ገመድና ሚስማር ነጋዴው ሐጂ ከማል ነበሩ፤ አገራቸው ስልጤ ደርሰው በተመለሱ ቁጥር አንድ ጭብጥ ቃጫ ለአባዬ ሳይዙ አይመጡም። አባዬ ቃጫውን ውሃ ነክሮ፣ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጦ፣ እማዬ የእኔን ጸጉር ስታበጥር አንድም ቀን ባላየሁባት ትዕግሥት በሚስማር እያበጠረ ያለሰልሰዋል። ያኔ ባጃጁ ጋሪውን ከአስፋልቱ እያባረረው ስለነበር የጋሪ ከመነዳሪ በየደጁ ወድቆ ይገኛል፤ እሱን በቀጭኑ ቀዶ ቃጫውን ከባሕር ዛፍ እጀታ ጋር ጥፍንግ አድርጎ ያስርና ጫፉን በመሮ አስተካክሎ ይቆርጠዋል። ሁልጊዜ የሚሠራው ሁለት ነው። የራሱ እጀታ ቀጭን ሲሆን የጫላ ግን ወፍራም ነበር፤ የወንድሜ መዳፍ ገና ድሮ አካፋ ያክል ነበርና።

ለዚህ ሁሉ ድካም አንድ ሕግ ነበር፦ ኮላ የቀባ ሰው ብሩሹን ራሱ አጥቦ የቲማቲም ጣሳው ውሃ ውስጥ ሳይነክር ከቤቱ አይወጣም። ኮላ ከደረቀበት ቃጫው ዳግመኛ ብሩሽ አይሆንም።

የሠርግ ወር ነበር። ትምህርቱን አቋርጦ ከአባዬ ጋር መሥራት የጀመረው ጫላ የአንዲት ሙሽራ አልጋ ራስጌ እያጣበቀ ሳለ ጓደኞቹ ኳስ እንዲያዩ ጠሩት፤ እሱም ብሩሹን ሳንቃው ላይ እንዳስቀመጠ ሮጠ። ሲመለስ አባዬ ብሩሹን ይዞ በሩ ላይ ይጠብቀው ነበር። የሙሽራዋ አባት ቆመዋል፣ ሐጂም አሉ፣ እኔ ፍቅፋቂ እየጠረግሁ ነው። አባዬ ብሩሹን ጠረጴዛው ላይ ሲመታው ኳ አለ።

“ይቺን ቃጫ መጠበቅ ያቃተው እጅ ምን ሊጠብቅ ነው? ያንተ እጅ ለእንጨት አልተፈጠረም። ሂድ፣ ባኮ ወርደህ በቆሎ ተሸከም።”

“ማሎ፣ እባክህ ኦቦ ለሚ፣” አሉ ሐጂ፣ “ቃጫ እኮ ነው። እኔ ሌላ አመጣለሁ።”

አባዬ ፊቱን ወደ አልጋው ራስጌ መለሰ። የጫላ ጆሮ ቀላ። በማግስቱ በቆሎ ሊጭን በሚወርድ መኪና ሄደ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ የታዘዘውን ቃል በቃል መፈጸሙ ነው፤ ባኮ ወርዶ መጀመሪያ የሠራው ሥራ የበቆሎ ጆንያ መሸከም ነበር።

የባኮ አውቶቡስ በየቀኑ በደጃችን ያልፋል። ሐጂ ለሽምግልና ሄደው ነበር። ጫላ “ራሱ ይጥራኝ” አለ፤ አባዬ ደግሞ “ልጁ እሱ ነው፣ ራሱ ይምጣ” ብሎ ድርቅ አለ። እኔ አድጌ ጊንጪ አስተማሪ ሆኜ ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣም ነገሩ እዚያው ነበር። አባዬ ግን ብሩሹን ሁለት ሁለት አድርጎ መሥራቱን አልተወም። ቀጭኑ በሥራ ያልቃል፣ ወፍራሙ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ አዲስ እስኪተካው አቧራ ይጠጣል። አንድ ቀን ላወርደው እጄን ስዘረጋ “ተይው፣ የሰው ነው” አለኝ። በጣም ተናደድኩበት። ለእኔ የሚናገረውን ለባለቤቱ ቢናገር ምን ነበረበት?

ባለፈው ክረምት አባዬ ሞተ። ጫላ ቀብሩ ላይ ደረሰ፣ ድንኳኑ ውስጥ እንደ ሩቅ ዘመድ ዳር ይዞ ተቀመጠ፣ ሥራ ቤቱን በዓይኑ እንኳ ሳያይ በማታው አውቶቡስ ተመለሰ። የመጨረሻውን ወፍራም ብሩሽ ከሚስማሩ ያወረድኩት እኔ ነኝ። ቦርሳዬ ውስጥ ይዤ ባኮ የመጣሁትም እሱን ነው።

“አባዬ የሠራልህ ነው” አልኩት። “ከሄድክ ጀምሮ መሥራቱን አላቆመም።”

ተቀበለኝ። እጀታው መዳፉ ውስጥ ልክ ገባ። ቃጫውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና “በደንብ አልተቀጠቀጠም” አለ፤ እውነቱን ነው፣ የአባዬ ክንድ በመጨረሻ ደክሞ ነበር። ከዚያ የኮላውን ጣሳ ከፈተና የጠረጴዛ ሳንቃ መቀባት ጀመረ። አቀባቡ የአባዬ ነው፣ ትንፋሹን መያዙ ሳይቀር። አንድ ጭረት ቃጫ እንኳ አልረገፈም፤ እኔም ሞኟ የመጣሁበት ጉዳይ የተሳካ መስሎኝ እንባዬን ዋጥኩ።

ሲጨርስ ብሩሹን ሳንቃው ላይ አስቀምጦ እጁን ጠረገ።

“ነይ፣ ምሳ እንብላ።”

“ጫላ፣ ብሩሹስ?”

“ተይው፣ ይድረቅ።”

የባኮ ሙቀት ኮላ ለማድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ስንመለስ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ አንዴ መታው፤ ኳ አለ። ከበሩ ጀርባ ካሉት ጋር ጣለው።

አሁን አምቦ ሚስማሩ ባዶ ነው፣ ጣሳው ዝጓል፣ ሐጂም ከአገራቸው ሲመለሱ ቃጫ አያመጡም። አባዬ “ና” የምትለውን አንዲት ቃል ማውጣት አቅቶት እነዚያን ብሩሾች ሲሠራ እንደኖረ አውቶቡስ ከመሳፈሬ በፊት ለጫላ ልነግረው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያውቃል። አውቆ ነው ያደረቀው።