ቢጫው የመብራት ሳጥን ሲመርጥ

ጎረቤቴ የትራፊክ መብራት ጠጋኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ «ቢጫው» ይሉታል፤ አንድ ነገር ሲጠየቅ እሺም እምቢም ሳይል «እስቲ ላስብበት» ብሎ መሀል ላይ ስለሚቆም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ መንገድ ዳር በተተከሉ የብረት ሳጥኖች ፊት ተንበርክኮ፣ ካቻቪቴውን በጥርሱ ነክሶ ሠርቷል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት እሱ በያዛቸው መስቀለኛ መንገዶች ላይ ከሚጋጩ ሁለት አቅጣጫዎች በአንዴ አረንጓዴ በርቶ አያውቅም። በዚህ ምክንያት ስንት ሰው በሰላም ቤቱ እንደገባ የቆጠረ የለም። ያልደረሰ አደጋ ማን ይቆጥራል? እኛ የምናጨበጭበው እሳት ለሚያጠፋው ነው፤ እሳቱ እንዳይነሣ ያደረገውን ዞር ብለንም አናየው።

ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ሚስቱን አስመረራት። «ሠላሳ ዓመት መኪና ስታስቆም ኖርክ፤ አሁን ደግሞ ጓዳዬ ገብተህ እኔን ልታስቆመኝ ነው?» አለችው። ስለዚህ ወደ ውጭ ወጣና የቤቱን ፊት በበዓል መብራት ማስጌጥ ጀመረ። መብራቶቹ ፒክስል የሚባሉት ናቸው፤ በአንድ ሽቦ ላይ ተደርድረው እያንዳንዷ አምፖል ለብቻዋ ትዕዛዝ ትቀበላለች፣ ለብቻዋ ቀለም ትቀይራለች። ትዕዛዙን የሚሰጠው ኮንትሮለር የሚባለው ሳጥን ነው። ቢጫው ስድስት መቶ አምፖል በአሸንዳው፣ በሁለቱ መስኮቶችና በበሩ ዙሪያ ሰቀለ። ዘመድ መጣ፣ ፎቶ ተነሣ፣ «እጅህ ይባረክ» ተባለለት።

ሳጥኑን ሲያዘጋጅ ግን ከሙያው አንድ ልማድ ይዞ መጥቶ ነበር። የትራፊክ መብራት አንጎሉ ሲታወክ ቢጫ ብልጭ ድርግም ይላል፤ «እኔ አሞኛል፣ እናንተ ተጠንቀቁ» ማለቱ ነው። ለቢጫው በዓለም ላይ ከዚህ የበለጠ ደህና ነገር አልነበረም። ስለዚህ የቤቱም መብራት ችግር ሲገጥመው ሁሉም አምፖል በሰከንድ አንዴ ቢጫ ብልጭ እንዲል አዘዘ። አምና በበዓሉ ዕለት፣ ገና ሲመሻሽ፣ ሳጥኑ ከጣሪያው ሥር ክፉኛ ጋለ። ታወከ፤ እንደታዘዘውም ቢጫ ብልጭ ማለት ጀመረ። ነገር ግን ሳጥኑ ሲታመም ጊዜ የሚቆጥርበት ክፍሉም አብሮ ታሟል። በሰከንድ አንዴ መሆኑ ቀርቶ ስድስት መቶው አምፖል እንደ ስፌት መኪና መርፌ ተርገበገበ። የስድስት ዓመቷ የልጅ ልጁ አንገቷን አንጋጣ ከፊቱ ቆማ ነበር። ደርቃ ወደቀች፤ ተንቀጠቀጠች።

ሐኪሙ «ሕመሙ የራሷ ነው፤ የሚርገበገበው ብርሃን ግን ቀሰቀሰው» አለ። መድኃኒት ተጀመረላት። የልጅቷ እናት፣ የቢጫው አንዲት ልጅ፣ የሒሳብ መምህርት ናት። ለአባቷ አንድም ክፉ ቃል አልተናገረችም። «ጥፋቱ ያንተ አይደለም አባዬ። ግን እዚያ ቤት አላመጣትም» አለች፤ ዓመት ሙሉም አላመጣቻትም። ዘመዶቹ ግን ዝም ማለት አልሆነላቸውም። «በሽምግልናው የልጅ ጨዋታ» አሉ። ካቻምና መብራቱ ሥር ጥርሳቸውን እያሳዩ ፎቶ የተነሡት እነዚሁ ናቸው። ምላስ አጥንት የለውም፤ የእነሱ ደግሞ ትዝታም የለው።

ዘንድሮ በዓሉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልጅቷ ራሷ ደወለች። «አባባ፣ መብራቱ ዘንድሮም አለ?» እሱ መልስ ሳይሰጥ እናቷ ስልኩን ተቀበለቻት።

«ሳጥኑን ቀየርከው?»

«እየመረጥኩ ነው።»

«ስትጨርስ ንገረኝ። ብቻዬን መጥቼ አየዋለሁ። ካላመንኩት ግን አላመጣትም። እንዳትቀየመኝ።»

«አልቀየምሽም።»

ሚስቱ «መብራቱ ይቅርና ልጅቷ ትምጣ፤ ምን ያደርቅሃል?» አለችው። እውነቷን ነበር። እሱ ግን «መብራቱን ባወርደው ልጄ የምትፈራው እኔን ይሆናል። ቀጥሎ ምን ይሠራ ይሆን እያለች ቤቴ ስትገባ ግድግዳ ግድግዳውን ልታይ ነው» አለ። «እስቲ ላስብበት» ሳይል ሲመልስ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሳጥን ፍለጋ አብረን ወጣን። የመጀመሪያው ሻጭ ሳጥኑን እንደ ሙሽራ ከካርቶኑ አወጣው። «ይኼ አሥራ ስድስት መውጫ አለው አባቴ። በስልክዎ ያዙታል። ከሙዚቃ ጋር ይደንስልዎታል።»

«ሲበላሽ ምን ያደርጋል?»

«አይበላሽም።»

«የኔ ልጅ፣ የማይበላሽ ነገር ሠላሳ አንድ ዓመት ፈልጌ አጣሁ። አንተ በዚህ ዕድሜህ ካገኘኸው የተባረክህ ነህ።»

ሻጩ ደስ ብሎት ሳቀ።

ሁለተኛው ሱቅ ውስጥ የነበረው ጎልማሳ የተሻለ መስሎን ነበር። «ዋስትና አለው» አለ፤ «ከተበላሸ ይዘውት ይምጡ፣ እንቀይርልዎታለን።»

«እኔ የጠየቅሁህ ከተበላሸ በኋላ አንተ የምታደርገውን አይደለም። በተበላሸባት ደቂቃ እሱ የሚያደርገውን ነው።»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

እንዴት ማለቱ ነው! ስንት ቀለም፣ ስንት ዘፈን፣ ስንት ሜትር እንደሚደርስ በቃሉ የሚያነበንብ ሰው፣ ነገሩ ሲታመም ከፊቱ የቆመችውን ሕፃን ምን እንደሚያደርጋት ለአንድ አፍታ አስቦ አያውቅም። መሃይምነት ፊደል አለመቁጠር ብቻ የሚመስለን ብዙ ነን። እኛም ገዢዎቹ አንሻልም፤ ዳንሱን አይተን እንከፍላለን፣ ሌላውን አንጠይቅም። ቢጫው ጠየቀ። ለመጠየቅ ግን አንዲት ልጅ መውደቅ ነበረባት፤ እሱም ይኼንን ያውቀዋል፣ ለዚያ ነው ከሱቅ ሱቅ ሲሄድ እንደ ተከሳሽ የሚራመደው።

ሦስተኛዋ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ናት። ክፍሏ ከጠባብነቷ የተነሣ ሁለት እንግዳ ሲገባ ባለቤቷ ወንበሯ ላይ እግሯን መስቀል አለባት። ጥያቄውን ሰምታ መበየጃዋን አስቀመጠችና «አላውቅም ጋሼ» አለች። «እስቲ አብረን እናበላሸው።»

ቢጫው ዓይኑ እንባ አቀረረ። ዓመት ሙሉ ሲጠብቀው የነበረው መልስ ነው መሰለኝ።

ሦስት ሳጥን ደርድራ ከአንድ ክር አምፖል ጋር እየቀያየረች አገናኘች። የጸጉር ማድረቂያ አምጥታ አንድ በአንድ አጋለቻቸው። አንደኛው እንደ አምናው አበደ፤ ክሩን በጨርቅ ሸፈነችበት። ሁለተኛው ጠፍቶ ሲነሣ አምፖሉን ሁሉ ነጭ አድርጎ ብልጭ አደረገው፤ ቢጫው ፊቱን አዞረ። ሦስተኛው አራት መውጫ ብቻ ያለው፣ ስልክም ሙዚቃም የማያውቅ ነው። ጋለ፣ ጋለና ዝም አለ። አምፖሎቹ በያዙት ቀለም ላይ እንዳሉ ቀሩ።

«ይኼ ሞኝ ነው» አለች ጠጋኟ። «ሲጨንቀው ምንም አይሞክርም።»

«ሞኙን ስጪኝ» አለ።

እቤት ሲደርስ ሥራው አላለቀም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ሲቆይ ድንገት ግንባሩን መታ። «ታማሚውንና አስታማሚውን አንድ ሰው አድርጌያቸው ነበር» አለኝ። መንገድ ዳር ባሉት ሳጥኖች ውስጥ መብራቱን የሚያዘው አንጎልና ቢጫውን ብልጭ የሚያደርገው ዕቃ ለየብቻ ናቸው፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይነሣል። ሠላሳ አንድ ዓመት በእጁ የነካውን ነገር በቤቱ ረስቶታል። አሁን ሪሌ የሚባለውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማቋረጫ አምጥቶ ከሳጥኑ ውጭ ለብቻው አሠረ፤ በትዕዛዙ ሽቦ በኩል የሳጥኑን ትርታ ያዳምጣል፣ ትርታው ከቆመ ወይም ከተዛባ ማንንም ሳያስፈቅድ ኤሌክትሪኩን ይቆርጣል። ብልጭታ የሚባል ነገርም ከትዕዛዙ ውስጥ ሁሉ ፋቀ። ከዚያ ለልጁ ደወለ።

ልጁ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ብቻዋን መጣች። ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም። መብራቱን አስበርታ የትዕዛዙን ሽቦ ነቀለች፤ መብራቱ ባለበት ቀጥ አለ፣ ሪሌው ቀጭ አለ፣ ጨለመ። ሰካች። ነቀለች። አሥራ ዘጠኝ ጊዜ።

«ልጄ፣ ሽቦው እስኪበጠስ ነው?» አለች የቢጫው ሚስት።

«እናቴ፣ ቁጥሬን አታሳስቺኝ» አለችና ወደ አባቷ ዞረች። «እኔ ሳልነካው በራሱ ሲታመምስ?»

ቢጫው ከጠጋኟ የተዋሰውን የጸጉር ማድረቂያ ሰጣት። ራሷ ይዛ አጋለችው። ቀጥ፣ ቀጭ፣ ጨለማ። ያን ጊዜ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች።

«አሁንም እፈራለሁ አባዬ።»

«እኔም እፈራለሁ። አልፈራም ብልሽ እንዳታምኚኝ።» ረጅም ሽቦ ያለው ማጥፊያ አምጥቶ እጇ ላይ አኖረው። «ይኼ ከሳጥኑም ከእኔም በላይ ነው። በፈራሽ ጊዜ ተጫኚው። ለምን አልልሽም።»

በበዓሉ ማምሻ ልጅቷ መጣች። መብራቱ ከበሩ ተነሥቶ በአሸንዳው በኩል ወደ መስኮቱ፣ ሰማያዊው ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ እየተለወጠ ሄደ።

«አባባ፣ ይኼን ብቻ ነው የሚችለው?»

«ይኼን ብቻ ነው።»

«የነዚያኞቹ ይሮጣል» አለች ወደ ማዶው ቤት መብራት እያመለከተች።

«የኛ ሽማግሌ ነው፤ ይራመዳል።»

ልጅቷ ትንሽ ቅር አላት። ከዚያ ግን ከሥሩ ገብታ ከሰማያዊው ጋር እኩል መራመድ ጀመረች። እናቷ አጥሩ ጥግ ቆማለች፤ አውራ ጣቷ ማጥፊያው ላይ ነው። ሁለተኛው ዙር ላይ፣ ልጅቷ መስኮቱ ጋ ስትደርስ ድንገት ቆም ብላ አንጋጠጠች። ሌላ ምንም አልሆነም። እናቷ ተጫነችው።

ጨለመ።

«ማነው ያጠፋው?» አለች ልጅቷ።

«እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «ምን አየሽ?»

«ምንም። አንዷ አምፖል ጠማማ ናት።»

ቢጫው እጁን ወደኋላ አጣምሮ ባለበት ቆሞ ነበር። ሚስቱ ልትናገር ስትል በዓይኑ ከለከላት። ለምን አላለም፤ ላብራው ወይ ብሎም አልጠየቀ። እንዲሁ ጨለማ ውስጥ ቆምን።

«አባዬ» አለች ልጁ። «አብራው።»

ሄዶ አበራው። ልጅቷ ወደ በሩ ሮጣ ተመልሳ ከመጀመሪያዋ አምፖል ሥር ቆመችና እስኪነሣላት ጠበቀች። የእናቷ ጣት እስከ መጨረሻው ከማጥፊያው ላይ አልተነሣም፤ እንድታነሣውም የጠየቃት የለም።