የበቅሎዋ ሣጥን

«አንቱ ማንበብ ስለማይችሉ ነው እንጂ ቁጥሩ ይኸው!» ብዬ የጮኽሁት ልጅ ሳለሁ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ፣ ቡሬ አጠገብ ባለው በእናቴ አባት ቤት፣ እሳት ዳር ተቀምጬ።

አባባ አንድ ባዶ የጥይት ሣጥን ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። «የኔ ልጅ፣ ይኸን አባቴ ከጣልያን በቅሎ ላይ ነው ያወረደው» አሉ ለሦስተኛ ጊዜ።

«1936 ይላል! ጣልያን የወጣው በ33 ነው። በ36 የትኛው ጣልያን ነው በቅሎ የጠፋበት?»

የአጎቴ ልጅ ደሳለኝ ከት ብሎ ሳቀ። «አባባ፣ በቅሎዋ ሦስት ዓመት ዘግይታ ነው የመጣች!»

እኔ እኮ አፌን የማልፈታ ልጅ ነበርሁ። አስተማሪ ስሜን ሲጠራ ድምፄ ይጠፋል። ደሳለኝ ግን ፍኖተ ሰላም አሥረኛ ክፍል የሚማር፣ ለእረፍት የመጣ ጎረምሳ ነው፤ ጎበዝ እንዲለኝ ፈለግሁ። በዕድሜዬ አንድ ቀን ብደፍር፣ የደፈርሁት በዚያ ምሽት ነው።

አባባ ባዶ የጥይት ሣጥን ይሰበስቡ ነበር። ገበያ ሲወርዱ በርበሬ ሰፍረው ይሰጡና አንድ ያረጀ ሣጥን ይዘው ይመለሳሉ። ጎረቤቱ «ሰው ጥይቱን ይፈልጋል፣ አንቱ ልባሱን!» እያለ ይስቅባቸዋል። ማታ ከብቱ ገብቶ፣ የብሳናው እንጨት ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ከሰበሰቧቸው አሥራ አንድ ሣጥኖች አንዱን ከቆጥ ያወርዱና ወደ ኩራዙ ያስጠጉታል። የካርቶኑ ወረቀት ምን ያህል እንደወየበ ያያሉ፣ ክዳኑ በክር ተሰፍቶ ወይስ በሙጫ ተጣብቆ እንደሆነ በጣታቸው ይዳብሳሉ፤ ያሸቱታልም። ከዚያ ዘመኑን ይናገራሉ፤ ከዘመኑ ጋር የባለቤቱ ተረት ይከተላል። የእኔ ሥራ የታተመበትን ፊደልና ቁጥር ደብተሬ ላይ መጻፍ ነበር። ዓመተ ምሕረቱ እንዲህ ጎልቶ የታየ ሣጥን ግን ከዚያ ምሽት በፊት ገጥሞኝ አያውቅም።

በዚያ ምሽት ያወረዱት ከሁሉም የሚወዱትን፣ ብቸኛውን የእንጨት ሣጥን ነው። «ስታድጊ ያንች ነው» ብለውኝ ጀመሩ። አባታቸው ጎህ ሲቀድ ውኃ ሊቀዱ ወንዝ ሲወርዱ፣ ከጣልያን ጦር ሰፈር የጠፋች ነጭ በቅሎ ጭነቷን እንደያዘች አገኟት። ቤት አስገቡና ባቄላ እያበሉ ዝም አሰኟት፤ ማንም እንዳያውቃት ከእግር እስከ ጆሮዋ ከሰል ቀቧት። ከዚያ ዝናብ መጣ። እኔም የጮኽሁት እዚህ ላይ ነው።

አባባ አልተቆጡኝም። ሣጥኑን ቆጥ ላይ መለሱት። በማግስቱ ተረት ስለምናቸው «ዛሬ ደክሞኛል» አሉ፤ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ሣጥን አላወረዱም።

አምና ፍኖተ ሰላም ለእናቴ መድኃኒት ስገዛ፣ ማሸጊያው ላይ የተሠራበት ዓመት ገና ያልደረሰ ሆኖብኝ ባለመድኃኒቷን ጠየቅኋት። «በፈረንጅ አቆጣጠር ነው እኮ» አለችኝ። እንደወጣሁ ከ1936 ላይ ስምንት ቀነስሁ። 1928! ጣልያን የገባበት! ሣጥኑ የተሠራው ጣልያን አገር ነው፤ ማን በእኛ ዓመት ይጽፍበታል? መንገድ ላይ ቆሜ ራሴን በጥፊ ማጮል አማረኝ። ደሳለኝ ጋ ደወልሁ።

«አንተ አሥረኛ ክፍል ነበርህ! እንዴት አላወቅህም?»

«እኔማ ሳቅሁ እንጂ መች አሰላሁ» አለኝ።

ትምህርት ሲዘጋ ወደ አባባ ሄድሁ። የምናገረውን መኪና ውስጥ ስለማመድ ነው የደረስሁት። ግቢ ውስጥ በርበሬ ይለቅሙ ነበር። ደብተሬን ከፍቼ ስሌቱን አንድ በአንድ ነገርኋቸው።

«እንግዲህ አባቴ አልዋሸም በይኛ» አሉ።

«አልዋሹም አባባ። ቁጥሩ ገጥሟል። ይቅር ይበሉኝ።»

«ባይገጥምስ ኖሮ?»

ወደ ደብተሬ ጎንበስ አልሁ። እዚያ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። የዚያች በቅሎ ከሰል በዝናብ ታጥቦ፣ ነጭነቷ ወጥቶ ተይዛ እንደሁ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን የከፋኝ ያመንሁት ቁጥሩን እንጂ እሳቸውን አለመሆኑ ነው። አባባ በርበሬውን ከእጃቸው አራግፈው፣ ዱላቸውን አነሡና በአጥሩ በር ወጥተው ሄዱ።