ዝምድና፦ አለ፤ ቤት፦ አራት

እህቴ ሦስት ቀን ሙሉ ከአባታችን ጋር አልተነጋገረችም። ጥፋቱ ግን የእኔ ነበር።

ሥራዬ የተበታተኑ መዝገቦችን በኮምፒውተር ማስተሳሰር ነው። አንድ መዝገብ ውስጥ ያለ ሰው ሌላው ውስጥ ካለው ጋር በምን እንደሚገናኝ እጠይቃለሁ፤ ማሽኑ ክሩን ተከትሎ መልሱን ያወጣል። እህቴ ልታገባ ስትል አባታችን እንደ ጎጃም ወጋቸው «እስቲ ሰባት ቤት ይቆጠር» አሉ። እስከ ሰባት ትውልድ የሚገናኝ ዘመድ አይጋባም። የእጮኛዋም ወገኖች መሠረታቸው ጎጃም ነው፤ ዘራቸውን የሚያውቁት አክስቱ ደግሞ እዚያው አገር ቤት ናቸው። «ምን ችግር አለ፣ እኔ አለሁ አይደል!» ብዬ ጥልቅ አልኩ። የእኛን ከነወንድም እህቶቻቸው ከአባቴ፣ የእነሱን በስልክ ከአክስትየዋ ተቀብዬ አስገባሁ። ፕሮግራሙ ስማቸው ከነአባታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ሲያገኝ «አንድ ሰው ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። መረጃ ሲገጥም ደስ ይለኛል።

አስኮ ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ውጤቱን ለአባቴ አሳየኋቸው። ረጃጅም የፊደልና የቁጥር ኮዶች፣ የተጠላለፉ ቀስቶች፣ ከታች ደግሞ በቀይ፦ ዝምድና፦ አለ፤ ቤት፦ አራት። አባቴ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ይሄ የመብራት ሽቦ ነው ወይስ ዘመድ?»

ስቄ ሳልጨርስ ቀዩን መስመር አነበቡ። «በአራት ቤት? በቃ፣ ሠርግ የለም።»

እህቴ ክፍሏ ገባች። ዓለም ባንክ ሰፈር የሚኖረው እጮኛዋ ሲደውል ስልኩን ታየዋለች እንጂ አታነሳውም። ምን ትበለው? እኔም አፈርኩ። ከማፈሬ በላይ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ዘር ሲቆጥሩ የኖሩ ሰው ያን ሁሉ ዘለው የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አምነው እንዴት ተቀበሉ?

በሦስተኛው ቀን ጠዋት በረንዳ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ እርስዎ ሲቆጥሩ ከየት ነው የሚጀምሩት?»

«ከራስሽ ነዋ!» አሉ እንደ መቆጣት ብለው። ጣታቸውን እያጠፉ ሽቅብ ወጡ፤ የእገሌ አባት እገሌ፣ የእሱ አባት እገሌ። በየስሙ ቆም እያሉ የት እንደኖረ፣ ማንን እንዳገባ፣ በምን እንደሞተ አንድ ነገር ጣል ያደርጋሉ። ለካ እግረ መንገዳቸውን እያጣሩ ኖሯል! የእኔ ቀስቶች ቆም የሚሉበት ቦታ አልሰጧቸውም።

ኮዶቹን ደበቅኩና ውጤቱን እንደ አቆጣጠራቸው አደረግኩት፤ በትልልቅ ፊደል፣ በየገጹ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከእህቴ ሽቅብ፣ ከዚያ ወደ እጮኛዋ ቁልቁል። እህቴም ከክፍሏ ወጥታ በር ላይ ቆመች። አባቴ ስክሪኑ ላይ ገጹን በጣታቸው እየገፉ ጮክ ብለው አነበቡ። አባታቸው፣ አያታቸው፣ የአያታቸው አባት። ከዚያ ቁልቁል የአያታቸው ወንድም። ቀጥሎ፣ «የእሱ ልጅ…»

ጣታቸው ቆመ።

«በሬ ወለደ አሉ! ይሄ የአያቴ ወንድም እኮ ቆላ ወርዶ በወባ ነው የሞተ፤ ሳያገባ፣ ሳይወልድ! አያቴ ስሙ ሲነሳ ያለቅሱ ነበር።»

የእጮኛዋ ቅድመ አያት ሌላ ሰው ነበሩ፤ ስማቸውና የአባታቸው ስም የገጠመ ብቻ። «አዎ» ያልኩትን ሰርዤ ሁለቱን ለያየኋቸውና እንደገና ጠየቅኩ። «እስከ ሰባት ቤት ዝምድና አልተገኘም» የሚል ገጽ መጣ። እህቴ በሩን ተደግፋ አለቀሰች።

«ምን ያስለቅስሻል? ደውይለት እንጂ!» አሏት አባቴ።

ስልኳን ይዛ ወደ ግቢ ስትሮጥ እሳቸው ዓይናቸውን ከስክሪኑ አላነሱም። የአያታቸው ወንድም ስም እዚያ ከሥሩ ማንም ሳይኖር ብቻውን ቀርቷል።

«እኛ ስንቆጥር እንዘለዋለን» አሉኝ ዝግ ብለው። «ልጅ ስለሌለው ቆጠራው በእሱ አያልፍም። አንቺ ግን ጽፈሽዋል።»

«የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ አባዬ።»

«እንግዲያው እንዳታጠፊው።»