የሙሴ ቦቴ ለምን ዘይት ያፈስ ነበር

ሀርጌሳ ጋራዥ የገባሁበት የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ መኪና መጠገን ሳይሆን መሬት መቆፈር ነበር። ባለጋራዡ ሐጂ ኢስማዒል ጦርነቱ ሲመጣ ከተማውን ለቀው ሲሸሹ የሥራ ዕቃቸውን በሁለት በርሜል ከትተው ማሕሙድ ሃይቤ በሚባለው ሰፈር ባለው ግቢያቸው ቀብረውት ሄደዋል። ሲመለሱ ቤቱ ጣሪያ የለውም፤ በርና መስኮቱም ተነቅሎ ተወስዷል። በርሜሎቹ ግን ነበሩ። ቁልፎቹ በግሪስ እንደተለወሱ ወጡ፤ አንዳቸውም አልዛጉም።

ሐጂ አንድ በአንድ እየጠረጉ በአማርኛ ስማቸውን ጠሩልኝ። ወጣትነታቸውን ድሬዳዋ በመካኒክነት ስላሳለፉ አማርኛቸው ከእኔ አይተናነስም።

«ጀማል፣ ከዚህ ውስጥ አንዱ ቢጠፋ እዚህ ከተማ ሌላ አታገኝለትም» አሉኝ።

እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ስምንት ዓመት ጋራዥ ሠርቼ ነው የመጣሁት። ሥራውን ጨርሼ አውቀዋለሁ የሚል ነገር ነበረብኝ። ይህን የምናገረው በኋላ ለደረሰው ነገር ምክንያቱ እሱ ስለሆነ ነው።

ያኔ ሰው ከስደተኛ ጣቢያ በየቀኑ ይመለሳል። ግማሹ በፈረሰ ግድግዳ ላይ ሸራ ወጥሮ ይገባል፣ ግማሹ ብሎኬት ይመታል። ለመጠጡም ለብሎኬቱም ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነው። አንድ ቦቴ ከተበላሸ አንድ ሰፈር ውሃ አጣ ማለት ነው።

ሙሴ ለ31 ሜይ ሰፈር ውሃ የሚያመላልስ ቦቴ ነበረው። ባለቤቱም ሾፌሩም እሱ ራሱ ነው። የሀርጌሳ ሰው ቢሆንም ጅግጅጋ አድጎ እዚያ ስለተማረ ከእኔ ጋር በአማርኛ ነበር የሚያወራው። ባገሬ ቋንቋ የሚቀልድልኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ይለኝ ነበር። ከጁምዓ ሶላት በኋላ እቤቱ ወስዶ ምሳ ያበላኛል፤ ሆዳን የምትባለው ሚስቱ «የሙሴ ወንድም» ነበር የምትለኝ።

አንድ ጠዋት ቦቴውን ግቢ አስገባና «ዘይት ትጠጣለች፤ ውሃ ለሰው፣ ዘይት ለመሬት እያከፋፈልኩ ነው» አለኝ።

ከሥሯ ገባሁ። ሞተሩና የማርሹ ሳጥን፣ ካምቢዮው፣ ከሚገናኙበት ቦታ ዘይት ይንጠባጠባል። እዚያ ቦታ ኮሎው፣ ማለት በሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ዋናው ብረት፣ ወደ ኋላ ይወጣል። ዘይት ይዞ እንዳይወጣ ፓራሎሊዮ የሚባል የጎማ ቀለበት ይይዘዋል። ብዙ አላሰብኩም። ፓራሎሊዮው አርጅቷል አልኩት።

ፓራሎሊዮውን ለመቀየር ካምቢዮው መውረድ አለበት። ማንሻ አልነበረንም። አራት ሰው በገመድና በክሪክ አወረድነው። አዲሱን ፓራሎሊዮ በሰው ከበርበራ አስመጣን። ሁለት ቀን ፈጀ። ሙሴ አመስግኖ ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ተመልሶ መጣ። እዚያው ቦታ ያፈሳል።

ይኼኔ ከላይ እየወረደ ይሆናል ብዬ ሞተሩን በናፍጣ አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ኖራ ነሰነስኩበት። ኖራው በመጀመሪያ የሚረጥብበት ቦታ የሚያፈስበት ነው። ሞተሩን አስነስቼ ስጠብቅ የላዩ ሁሉ ደረቅ ሆኖ የኋላው ብቻ ረጠበ። እንግዲህ አዲሱ ፓራሎሊዮ ጥራት የለውም ማለት ነው አልኩ። እንደገና ካምቢዮ አወረድን። እንደገና ቀየርኩ።

በአምስተኛው ቀን ተመለሰ። ሙሴ በዚያ ቀን አልቀለደም። «ሰዎቹ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቁኛል፤ ምን ልበላቸው?» ብቻ ነው ያለኝ።

ለሦስተኛ ጊዜ ስፈታው ኮሎው ላይ ፓራሎሊዮው የሚቀመጥበት ቦታ በጥፍር የሚታወቅ ጭረት አገኘሁ። ደስ አለኝ፣ አገኘሁት ብዬ። ሦስተኛውን ፓራሎሊዮ ከጭረቱ ትንሽ አልፌ ወደ ውስጥ ገፍቼ አስገባሁት። ይህ ትክክለኛ ዘዴ ነው፤ ዛሬም እጠቀምበታለሁ።

ሐጂ ኢስማዒል በዚያ ሰሞን ሌላ ሞተር ላይ ነበሩ። ሲያልፉ ቆም ብለው ጠየቁኝ።

«ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተህ አየኸው?»

«አይቻለሁ፣ ሐጂ» አልኳቸው።

አላየሁም ነበር። ጥያቄው የተማሪ ጥያቄ መሰለኝና አፈርኩ። ለሦስተኛ ጊዜ የፈታሁት ሥራ ላይ ገና ያላየሁት ነገር አለ ማለት አቃተኝ። ሐጂ «እሺ» ብለው ወደ ሥራቸው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ሙሴ ቦቴዋን ግቢው በር ላይ አቁሞ ወርዶ መጣ። ቢንጠባጠብም የቀነሰ ይመስላል አለኝ፤ ለማጽናናት እንደሆነ ያስታውቅበታል። እኔ ደክሞኝ ነበር። ካምቢዮውን ለአራተኛ ጊዜ ማውረድ ፈርቻለሁ፤ ምን እንደምፈልግም አላውቅም።

«ለጊዜው እየጨመርክ ንዳ» አልኩት። «ግማሽ መንገድ ላይ ቆመህ መለኪያውን አውጥተህ እይ። ከቀነሰ ጨምርበት።»

«እስከ መቼ?»

«አንድ ነገር እስካስብ።»

«ኢንሻአላህ» ብሎ ሄደ።

ለስድስት ቀን እንዳልኩት አደረገ። በሰባተኛው ቀን ውሃ ወደሚቀዳበት ጉድጓድ ሲሄድ መንገዱ የሚጠብበት ቦታ ላይ ቆመ። ከኋላው ሌላ ቦቴ ደርሶ ጥሩምባ ነፋ። ሙሴ እንዲያልፍ ብሎ መኪናውን ከመንገድ አወጣት። ይህን የነገረኝ የኋለኛው ሾፌር ነው። ሙሴ መለኪያውን አየ፣ የዘይቱን ጣሳ ይዞ በሌላኛው ጎን ዞረ። ከመንገዱ ዳር የተቀበረ ፈንጂ ነበር። እዚያ አካባቢ ፈንጂ መኖሩን የሚያመለክት ድንጋይ አልተደረደረም ነበር።

ቀኝ እግሩ ከጉልበቱ በላይ ተቆረጠ።

ቦቴዋን በማግስቱ ጎትተው አመጡልን። ሐጂ ማንንም ሳያናግሩ ሞተሩን አስነሱና የዘይት መሙያውን ክዳን ፈቱት። ክዳኑ ከእጃቸው ሊያመልጥ ደረሰ። ጭስ እየተገፋ ወጣ፣ ዘይት ፊታቸው ላይ ተረጨ።

«ና እይ» አሉኝ።

ሞተር ሲሠራ በውስጡ የሚጠራቀመው አየር የሚወጣበት ቱቦ አለው፤ መተንፈሻ ይባላል። እሱ ከተደፈነ አየሩ ዘይቱን ይዞ በደከመው ቦታ ይወጣል። መቶ ፓራሎሊዮ ቢቀየር አይይዘውም።

ሐጂ ፊታቸውን በጨርቅ ጠረጉ። «አይቻለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«አላየሁም ነበር።»

ይሰድቡኛል፣ ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጠው ዙህር ሊሰግዱ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አንስተው አያውቁም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

መተንፈሻውን ፈታሁት። ሁለት ብሎን ነው። በአሮጌ ዘይት የጠቆረ ጨርቅ ጥቅጥቅ ብሎ ተወትፎበታል። በናፍጣ ሳጥበው የወንድ ሽርጥ ቁራጭ ሆኖ ተገኘ። አንድ ቀን ሙሴ ምሳ ላይ ሲያጫውተኝ፣ በሽሽቱ ጊዜ መኪናዋን በደረቅ ወንዝ ውስጥ በእሾህ ሸፍኖ እንደሄደ፣ አሸዋ እንዳይገባባት ሽርጡን ቀዶ ቀዳዳ ያለውን ሁሉ እንደደፈነ ነግሮኝ ነበር። ሲመለስ ሁሉንም ያወጣ መስሎታል። ይህችን ረስቷታል።

ሆስፒታል ሄድኩ። ሆዳን በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሰላም ስላት መለሰችልኝ፤ «ግባ፣ ሲጠይቅህ ነበር» አለች።

ሙሴ ከስቶ፣ ከንፈሩ ደርቆ ተኝቷል። የጠየቀኝ ስለ እግሩ አልነበረም።

«አገኘኸው?»

«አዎ። መተንፈሻው ተደፍኖ ነው።»

«ምን ደፈነው?»

«ጭቃ» አልኩት።

«ለማግኘት ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» አለኝ።

«ሩብ ሰዓት አይሞላም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እግሩ ሥር ቆምኩ። ሐጂ እንደጠየቁኝና እንደዋሸኋቸው ልነግረው ነበር የመጣሁት። አልነገርኩትም። አስታማሚዎች ሲገቡ ወጣሁ።

ቦቴዋ ከዚያ በኋላ አንዲት ጠብታ ሳታፈስ ሠራች። የሆዳን ወንድም ነዳት። ሙሴ በክራንች እየሄደ 31 ሜይ በከፈተው ሱቅ በር ላይ ይቀመጥ ነበር። በዚያ ሳልፍ «አሰላሙ አለይኩም» እላለሁ፤ «ወአለይኩሙ ሰላም» ይለኛል። ደህና ነህ ስለው ግን በሶማሊኛ ነው የሚመልስልኝ። ከሌሎቹ የድሬ ልጆች ጋር በአማርኛ ሲስቅ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለእኔ ግን ከሆስፒታሉ ቀን ወዲህ አንድ የአማርኛ ቃል አላወጣም።

ስለ ጨርቁ ልነግረው የፈለግሁበት ጊዜ አልጠፋም። የበደሉ ግማሽ ያንተም ነው ለማለት። አላህ ይመስክር፣ ሱቁ ድረስ ሄጄ የተመለስኩበት ቀን አለ። መንገድ ላይ ሆኜ ሳስበው ጨርቁን መፈለግ የእኔ ሥራ ነበር፤ የእሱ ሥራ ውሃ ማምጣት ነው። ጨርቁን አቃጠልኩት።

ሙሴ ከብዙ ዓመት በኋላ በስኳር በሽታ ሞተ። ጀናዛው ላይ አፈር ከጨመሩት አንዱ ነኝ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት አሁን ሊሰማው ስለማይችል ነው።

በሙያው ላላችሁ፦ ከኋላ ዘይት የሚያፈስ ሞተር ሲመጣላችሁ ካምቢዮ ከማውረዳችሁ በፊት መተንፈሻውን ፈትታችሁ እዩ። አይታችሁት እንደሆነ ሲጠይቋችሁ ካላያችሁ አላየሁም በሉ። ምክንያቱን ያላገኛችሁለትን መኪና «እየጨመርክ ንዳ» ብላችሁ አትልቀቁ፤ አቁሙት።