ዕድሜዬን ፍለጋ ወደ ኮሶዬ፦ የመርከብ ኢንሹራንስ ለመግዛት የተደረገ ጉዞ

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 12፡15፣ አራዳ

ሱቄን ሳልከፍት ጋቢ ለብሼ ስወጣ ያዩኝ ጎረቤቶቼ ሰው የሞተብኝ መስሏቸው ደነገጡ።

«ለቅሶ አይደለም፤ የመርከብ ጉዳይ ነው» አልኳቸው። ይህን ጊዜ የባሰ ደነገጡ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ አራዳ ውስጥ ቆርቆሮና ሚስማር ሻጭ ነኝ። የመጨረሻ ልጃችን ሰላማዊት ደግሞ ሰው ለመዝናናት በሚሳፈርበት ትልቅ መርከብ ላይ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ካየናት አራት ዓመት ሆነ። ድርጅቷ ሠራተኛ ወላጆቹን አንድ ጊዜ ለአሥራ ሁለት ቀን እንዲያሳፍር ይፈቅዳል። መኝታ በነጻ፣ ምግብ በነጻ። እኔ ነጻ የሚባል ነገር ሰምቼ ተኝቼ አላውቅም፤ ዋጋው የሆነ ቦታ ተደብቋል እላለሁ። ተደብቆ የተገኘው ኢንሹራንሱ ውስጥ ነው። ኢንሹራንስ የሌለው አይሳፈርም። ኢንሹራንሱም መርከብ ላይ መታከምን፣ ከባሰም ከባሕር መሐል በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል መወሰድን የሚሸፍን መሆን አለበት። ቪዛውም ያለ እሱ አይጠየቅም።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቢሮ ዞርኩ። የመጀመሪያው ርካሽ ነበር፤ ወረቀቱም ያምራል። «ባሕር ላይ ብታመምስ?» ስለው ሰውዬው ባሕር የሚል ቃል ከወረቀቱ ውስጥ ፈልጎ አጣ። ሁለተኛው ባሕር አለው፣ ሄሊኮፕተር የለውም። «ታዲያ ምን ላድርግ?» አልኩት። «ወደብ እስኪደርሱ ይታገሳሉ» አለኝ። ሦስተኛዋ ሜሮን የምትባል ፈገግተኛ ልጅ ናት፤ እሷ ዘንድ ሁሉም አለ። ዋጋው ግን በዕድሜ ነው። እስከ ስልሳ አምስት ድረስ በሰው ዘጠኝ ሺህ ብር፣ ከስልሳ አምስት በላይ አሥራ ሰባት ሺህ፣ ከሰባ ዓመት በላይ ደግሞ ሌላ መደብ።

ለዚህ ነገር ያስቀመጥኩት ሃያ አምስት ሺህ ነው። በትንሹ ዋጋ እኔና ባለቤቴ ጥሩወርቅ ሁለታችንም እንሄዳለን። በትልቁ አንዳችን እንሄዳለን፣ ሌላችን ፎቶ እናያለን።

«ዕድሜዎ ስንት ነው፣ ጋሽ አዱኛ?» አለችኝ።

«ስልሳ አራት» አልኩ፣ ሳላስብ። ደግሞ ማሰብ ምን ያደርጋል? ዋጋውን ሰምቻለሁ።

«የልደት ማስረጃ ያምጡልኝ።»

በእኛ ዘመን የልደት ማስረጃ ማን ነበረው? መታወቂያዬ ላይ ያለውን ዕድሜ የሰጠኝ የቀበሌ ጸሐፊ ፊቴን አይቶ ነው፤ ያን ዕለት ደግሞ ጢሜን ተላጭቼ ነበር። ክፍለ ከተማ ስጠይቅ ክርስትና ከተነሳህበት ደብር ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። ደብሩ ከኮሶዬ በላይ ነው። ሰው ዕድሜውን ራሱ የሚመርጥበት አጋጣሚ በሕይወቱ ስንት ጊዜ ያገኛል? እኔ ስልሳ አራት ሆኜ ልወርድ ነው የምወጣው።

1፡20፣ መንገድ ላይ

መንገዱ ክፍት መሆኑን ትናንት ሦስት ሰው ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ሚኒባሱ የአሥራ ሁለት ሰው ነው፤ እኛ አሥራ ሰባት ነን፣ ዶሮዎቹን ሳልቆጥር። ታሪፉ መቶ ሃያ፣ ረዳቱ የጠየቀኝ መቶ ሃምሳ፣ የከፈልኩት መቶ ሠላሳ።

ከሾፌሩ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። መስታወቱ ላይ የኢንሹራንስ ወረቀት ተለጥፏል። ከሰሞኑ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ አላልፍም።

«ይኼ ምኑን ነው የሚሸፍነው?» አልኩት።

«ሦስተኛ ወገን ነው፣ አባባ።»

«እኔ ስንተኛ ወገን ነኝ?»

ሾፌሩ አሰበ። «እርስዎ ቀበቶ ቢያስሩ ነው የሚሻለው» አለ። ቀበቶውን ስስበው ተበጥሶ እጄ ላይ ቀረ። ከኋላ የተቀመጠች ሴት እስክታነባ ሳቀች።

ከተማው ከኋላችን ዝቅ እያለ፣ ባሕር ዛፉ እየበዛ፣ ብርዱም እየጠነከረ ሄደ። በየማሳው የታጨደ ገብስ ተከምሯል። ኅዳር ለገበሬም ለእኔም ጥሩ ወር ነው፤ እህል የሸጠ ሰው ጣሪያ ይቀይራል። በየመንገዱ ዳር አዲስ ቆርቆሮ ሲያብረቀርቅ እያየሁ የትኛው የእኔ እንደሆነ ስገምት ነበር። ሰው ጣሪያ የሚገዛው ዝናብ ካቆመ በኋላ ነው፤ ኢንሹራንስ ደግሞ ከመዝነቡ በፊት ካልገዛኸው ማንም አይሸጥልህም።

2፡40፣ ኮሶዬ

ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ከመኪና ስንወርድ ነጭ ሽንኩርት የያዙ ሴቶች ከበቡን። እኔ ስመለስ እገዛለሁ ብዬ አመለጥኩ። ከገደሉ አፋፍ ካለች አንዲት ቤት ገብቼ ቅቅል ድንች በአዋዜና ሻይ አዘዝኩ፦ ስልሳ ብር። ድንቹ እጄን እያቃጠለ ጀርባዬ ይንቀጠቀጣል።

ታላቅ ወንድሜ አያ ደመቀ ሊቀበለኝ ወርዶ ነበር። ጥቁር ጎማ ጫማ፣ ዱላ፣ ትከሻው ላይ ጋቢ። ሳመኝና ሆዴን ገፋ አደረገው።

«ሸጋ ነህ፤ ቆርቆሮው ይበላል እንዴ?»

«ይበላል፣ አያ። ከሚስማር ጋር ነው።»

4፡00፣ አቀበቱ

ከመንገዱ እስከ ቤቱ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ነው፤ ለአያ ደመቀ አርባ ደቂቃ። እሱ እያወራ ይወጣል፣ እኔ ዝም ብዬ። ለመናገር የሚበቃ ትንፋሽ ስላልነበረኝ ነው እንጂ አክብሬው አይደለም።

«ምነው? ሳንባህን አራዳ ረስተኸው መጣህ?»

«የደም ግፊት... አለብኝ።»

«መቼ ያዘህ?»

«ሦስት ዓመት። ክኒን እውጣለሁ።» ይህን ለሜሮን አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም ልል ነበር፤ ግን ጠይቃኛለች።

እዚያው ቆመን ሳለ ከላይ የሰዎች ድምፅ መጣ። ስምንት ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ይወርዳሉ፤ በሁለት ረጅም እንጨት ላይ በጠፍር የተወጠረ አልጋ ነው። መኪና የማይገባበት አገር አምቡላንሱ ይኸው ነው። የአካባቢው አባወራ ሁሉ ማኅበርተኛ ነው፤ ተራ ገብቶ የሰውን በሽተኛ ይሸከማል፣ ሲታመም ይሸከሙታል። ቃሬዛው ላይ አንዲት አሮጊት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ተኝተዋል። እግራቸው ተሰብሮ ወደ ጤና ጣቢያ እየተወሰዱ ነበር።

አያ ደመቀ ጋቢውን ለእኔ ወርውሮ ትከሻውን ከአንዱ እንጨት ስር አስገባ። በሰባ ሁለት ዓመቱ!

አሮጊቷ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «አያ ደመቀ፣ ጠዋት ገንፎ በልቻለሁ። እከብዳለሁ፤ ኋላ አልነገረችንም እንዳትሉ!»

«ስንት ሳህን?» አለ አንዱ ተሸካሚ።

«አንድ ተኩል። ቅቤ ነበረው።»

«ቅቤውን መንገድ ላይ እናወርደዋለን!» ተሳሳቁ፤ ቃሬዛው ከነአሮጊቷ ሳቅ ቁልቁል ወረደ። አያ ደመቀ ከታችኛው ጠመዝማዛ ላይ በሌላ ሰው ተተክቶ ተመለሰ። እኔ ገና ትንፋሼን አልሰበሰብኩም።

6፡10፣ አያ ደመቀ ቤት

የገብስ እንጀራ በሽሮ፣ ጎን ለጎን ጠላ። የደብሩ ቄሰ ገበዝ ማኅተማቸውን በከረጢት ይዘው ተቀምጠዋል። ታናሽ እኅቴ ሙሉ ከጎረቤት መንደር መጥታለች። ቄሰ ገበዙ የድሮው መዝገብ በእርጥበት ስለተበላሸ በሁለት ምስክር ነው የምጽፈው አሉ። ምስክሮቹ ወንድሜና እኅቴ ናቸው። ምን ይሻላል? ቤተሰብ ነው።

«ስንት ልጻፍ?» አሉ ቄሰ ገበዙ።

«ስልሳ አራት» አልኩ ረጋ ብዬ፣ የመጨረሻ ዋጋ እንደምናገረው።

እኅቴ ጠላውን ከአፏ መለሰችው። ከደረቷ የላስቲክ ከረጢት አወጣች፤ በመሬቷ ጉዳይ ያወጣችው የልደት ወረቀት ነው። «እኔ ስልሳ ስድስት ነኝ። ማኅተም አለው።»

«ታዲያስ?»

«ታዲያማ ታላቅህ ሆንኩ። ተነስና ጉልበቴን ሳም። ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ነው የምትለኝ!»

«አንቺ ስትወለጂ እኔ በእግሬ እሮጥ ነበር!»

«ጻፉልኝ አባ፤ ራሱ መሰከረ» አለች። ቄሰ ገበዙ ሳይቀሩ ሳቁ።

ሳቁ ሲበርድ እውነቱን ነገርኳቸው። ዋጋውን፣ መርከቡን፣ እውነተኛው ዕድሜዬ፣ ስልሳ ስምንት፣ ከተጻፈ ከእኔና ከጥሩወርቅ አንዳችን እንደምንቀር። አያ ደመቀ ወደ እኔ ዞረ።

«ባሕር መሐል ብትታመም በምን ያወርዱሃል?»

«በሄሊኮፕተር።»

«የሰማይ ቃሬዛ በለኛ። ሸክሙን ማን ይከፍላል?»

«ኢንሹራንሱ።»

«ዕድሜህን እንደዋሸህ፣ ግፊትህን እንደደበቅህ ቢያውቁስ?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ሜሮን ከሰጠችኝ ወረቀት ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ እኔ ደግሞ በትንሽ ፊደል የተጻፈውን አስቀድሜ የማነብ ሰው ነኝ። ሐሰት ከተገኘ አይከፍሉም። የሚመረምሩትም ሲሸጡልህ አይደለም፣ ሲከፍሉህ ነው። የሄሊኮፕተሩን ሒሳብ ሱቄ ከነጣሪያው ቢሸጥ አይችለውም።

«ያቺ ሴትዮ እንኳ ገንፎ መብላቷን ተናገረች» አለ ወንድሜ። «ለሚሸከምህ ሰው ክብደትህን አትዋሸውም። መሐል መንገድ ላይ ቢጥልህ ማን ያነሳሃል?»

ቄሰ ገበዙ እስክሪብቷቸውን ይዘው ያዩኛል። እንዲህ ከባድ ገበያ ገብቼ አላውቅም።

«ስልሳ ስምንት ይበሉ» አልኩ። እኅቴ እጇን ከጉልበቷ ላይ አነሳች። «ተረፍክ» አለችኝ።

10፡30፣ ቁልቁል

ኮሶዬ ስደርስ ኔትወርክ መጣ። ለጥሩወርቅ ደወልኩ።

«ስልሳ ስምንት ሆንኩ።»

«እንኳን አደረሰህ።»

«አልገባሽም፤ ብሩ ለአንድ ሰው ነው የሚበቃው።»

«ገባኝ። አንተ ትቀራለህ። ስታምጥ የነበርከው አንተ አይደለህም።»

«ቆይ፣ ገና እከራከራለሁ።»

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያቺ ልጅ የእኔንም ማስረጃ ታያለች?»

«ታያለች።»

«እውነተኛውን?»

«አያ ደመቀን ብሰማ እውነተኛውን።»

«በል ነጭ ሽንኩርት ይዘህ ና» ብላ ዘጋችው። ሁለት ኪሎ ገዛሁ። ሻጯ ጠዋት እንዳመለጥኳት አስታውሳ በኪሎ ሃያ ብር ጨመረችብኝ፤ ዝም ብዬ ከፈልኩ።

ረቡዕ፣ 3፡30፣ የሜሮን ቢሮ

ጥሩወርቅ ነጠላዋን አሳምራ፣ አዘዞ ካለው ወንድሟ ዘንድ ማልዳ ያመጣችውን የልደት ማስረጃዋን በታሸገ ፖስታ ይዛ መጣች። እኔ ደብዳቤዬን ዘረጋሁ። «ስልሳ ስምንት ነኝ፤ ግፊትም አለብኝ። የምውጠው ክኒን ይኸውልሽ።»

ሜሮን ክኒኑን ገልብጣ አየችው። «ያለፈው ሳምንት ጤነኛ ነበሩ።»

«ያለፈው ሳምንት ወጣት ነበርኩ።»

ከዚያ ሥራ ጀመርን። የመጀመሪያው ዋጋ ዓመቱን ሙሉ የሚሸፍን መሆኑን ያወቅኩት አሁን ስጠይቅ ነው። እኔ በዓመት ስንት መርከብ ልሳፈር ነው? አንድ ጉዞ ብቻ አድርጊው አልኳት፤ ወረደ። ሻንጣ ቢጠፋ የሚለውን አወጣነው፤ የእኛ ሻንጣ ቢጠፋ የሚያዝነው ያገኘው ሰው ነው። ቀላል ሕክምና ቢሆን የመጀመሪያውን ወጪ ከኪሴ ልክፈል አልኩ፤ ይኼኛው ብዙ አወረደው። ሕክምናውን፣ ሄሊኮፕተሩንና ጉዞው በሕመም ቢሰረዝ የሚለውን አልነካሁም። በእኔ ዕድሜ ላላችሁ አንባቢዎች ምክሬ ይኸው ነው፤ ከጣሪያው ላይ ጌጡን ቀንሱ፣ ውፍረቱን አትቀንሱ። ደግሞ ጠይቁ። እኔም ለደንበኛ መጀመሪያ የማሳየው ውዱን ነው።

ሜሮን የጥሩወርቅን ፖስታ ከፈተች፣ አነበበች፣ ወደ እሷ ቀና አለች። ጥሩወርቅ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ስለ ሕመም ስትጠየቅ «እኔ? ከወሊድ በቀር ተኝቼ አላውቅም» አለች፤ እውነት ነው።

ሁለቱ ወረቀቶች ጎን ለጎን መጡልኝ። የእኔ፣ ግፊቱ ተጨምሮበት፣ አሥራ አንድ ሺህ አራት መቶ። የእሷ፣ ክኒን የሚባል የማታውቀዋ፣ አሥራ ሦስት ሺህ አንድ መቶ። ድምሩ ሃያ አራት ሺህ አምስት መቶ። ሁለታችንም እንሄዳለን!

ደስታው ሳያልቅ ግን ዓይኔ ወደ ሁለተኛው ወረቀት ተመለሰ። ሠላሳ ዓመት የነገደ ሰው ዋጋ አይቶ ዕቃውን ያውቃል። ሕመም የላትም። ጉዞው አንድ ነው። የቀረው የዕድሜው መደብ ነው፤ ከሰባ በላይ ያለው። ቀና ስል ጥሩወርቅ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ወር በወር ታጠናለች። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር እኔ በአምስት ዓመት እንደምበልጣት ነበር የማውቀው፤ ለሽማግሌዎቹም የተነገረው ይኸው ነበር።

«ስህተት አለው ጋሽ አዱኛ?» አለች ሜሮን፣ ሳቋን ይዛ።

«የለውም» አልኩና ሳልከራከር ከፈልኩ።

ደረጃውን ወርደን መንገዱ ዳር ደረስን። ከዚያ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሰላማዊት ክፍሉ ውስጥ አልጋው ተደራራቢ ነው ብላለች» አለች። «የታችኛው የእኔ ነው። ለታላቅ ነው የሚሰጠው።»