የጫማው ማሰሪያ

ይማርሽ በቤተ ማርያም ደጅ የምእመናንን ጫማ ስትጠብቅ ስንት ዘመኗ! እንዲህ ያለ ቁንጥንጥ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም። ሰውየው በሽማግሌዎች ድርድር ከጫካ ከገቡት ታጣቂዎች አንዱ ነው፤ ጠመንጃውን ትናንት አስረክቧል። ጢሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል፤ ኮቱ የጠመንጃው ማንገቻ ያርፍበት በነበረው ትከሻ ላይ ሳስቷል። ደረጃው ላይ ተቀምጦ የሸራ ጫማውን ማሰሪያ ይፈታል፤ ከመንገዱ መኪና ባጓራ ቁጥር መልሶ ያስራል። ቅዳሴው ሊያልቅ ነው።

«አውልቀህ ግባ እንጂ ወንድሜ! እኔ እጅ የገባ ጫማ ጠፍቶ አያውቅም» አለችው።

ማሰሪያውን ድርብ ቋጠረና እዚያው ከደጅ ተሳለመ። ከዚያ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል መለሰላት።

«ጠመንጃዬን ስሰጥም ‹ማንም አይነካህም› ብለውኝ አምኜ ነው የሰጠሁት፣ እናቴ። እግሬን እንኳ ለእኔ ይተዉልኝ።»