የአዜኖር ወንፊት

በወደብ ከተማዋ ብሬስት ባለው የባሕር ጥናት ቤታችን አዜኖርን የሚያህል ግትር ሰው አላየሁም። ስህተቷን ከማመን ጥርሷን ብትነቀል ትመርጣለች። በኮምፒውተር በምንሠራው ባሕር ውስጥ ሁለት ነገር ተደባልቆ ያስቸግረናል፤ ከላይ ሳይታይ በውኃው ሆድ ውስጥ የሚመላለስ ማዕበልና ያገኘውን ይዞ የሚነጉድ ፍሰት። ማዕበሉ የወሰደውን ይመልሳል፤ ፍሰቱ ግን አይመልስም። ሁለቱን የሚለየውን ፕሮግራም የጻፈችው አዜኖር ናት፤ እኛም «ወንፊቷ» እንለዋለን። ወንፊቱ ባሕሩ ላይ አንድ ቦታ ቆሞ ያያል፤ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጠውን ማዕበል ነው ብሎ ይጥላል፤ ዝግ ያለውን ያስቀራል።

አንድ ማለዳ የወንድሟ የጉልቬን የዓሣ ጀልባ ሰጠመች። እሱና ሽማግሌው ባልደረባው ኤርዋን በጎማ ታንኳ እየተንሳፈፉ ነበር። ነፋስ የለም፤ የሚወስዳቸው ውኃው ብቻ ነው። የነፍስ አድን ጣቢያው የት እንፈልግ ብሎ ሲደውል አዜኖር በወንፊቷ አጣርታ «ደቡብ» አለች። ሄሊኮፕተሩ ደቡቡን ሲያስስ ዋለ። ምንም የለም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አላስችል አለኝ።

«እስቲ የጣልሽውን አሳዪኝ» አልኳት።

«ማዕበል ነው አልኩህ! ምን ያደርግልሃል?»

«አሳዪኝ አልኩ እኮ!»

ከፈተችው። ከተጣለው መሃል አንዲት ክብ ነገር ትታያለች።

«ይሄም ማዕበል ነው?»

ፊቷ ዓመድ መሰለ። ክቧ የውኃ አዙሪት ነበረች። ኃይለኛ ፍሰት ተሸክሟት በወንፊቱ ፊት ሽው ስትል ማዕበል መስላ ተጣለች። ዞራ ታንኳውን የምትወስደው ደግሞ ወደ ሰሜን ነው።

«ቆሜ ነው ያየሁት» አለች። «አብሬ መንሳፈፍ ነበረብኝ።»

በኮምፒውተሩ ባሕር ላይ ብዙ ተንሳፋፊ ነጥቦች በትና ከውኃው ጋር ለቀቀቻቸው። አብሮ የሚሄደው ነጥብ ወዲያና ወዲህ ሲናጥ፣ ያ መናጥ ብቻ ነው ማዕበሉ፤ የቀረው ፍሰት ነው። ስሌቱ አላልቅ አለ። መስኮቱ እየጠቆረ ሲሄድ እኔም ፈራሁ። በመጨረሻ ስልኩን አነሳች።

«ነዳጃችን ለአንድ ዙር ነው» አለ የጣቢያው ሰው። «እርግጠኛ ነሽ?»

«ጠዋትም እርግጠኛ ነበርኩ። ሰሜን ሂዱ።»

ጨርሶ ሊጨልም ሲል አገኟቸው። ጉልቬን ከሄሊኮፕተሩ እንደወረደ ደወለላት፤ ስልኩ ለእኔም ይሰማል። ድምፁ ተዘግቷል።

«አዙ፣ ጠዋት ሄሊኮፕተሩ ወደ ደቡብ ሲታጠፍ አይተነዋል። ጮኽን። ኤርዋን እስከ ቀትር ያወራኝ ነበር... ከዚያ እጄ ላይ ሞተ። ማነው ወደዚያ የላከው ደደብ? ንገሪኝ፣ አንገቱን ነው የማንቀው!»

እኔ ዝም በይ ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋት። አየችኝ።

«እኔ ነኝ፣ ጉልቬን» አለች።